ጧሪ ልጅ ሲያንስ የጡረታ መዝገብ ይፈተሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«አገራችን የወጣት አገር ናት፤ የአረጋውያን ጉዳይ ገና ሩቅ ነው» ሲባል እንሰማለን። በአገር ደረጃ ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አይሠራም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልደው ልጅ በአገር ደረጃ በአማካይ 4.6 ሲሆን በአዲስ አበባ 1.8 ነው። ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። በ1992ቱ ጥናትም የከተማዋ ቁጥር 1.9 ነበር። ጉዳዩ እስካሁን ጎልቶ ያልታየው ከክፍለ ሀገር የሚገባው ወጣት ስለሸፈነው ነው።

ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው በሚባልበት አገር አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ ያለው፣ እሱም ውጭ የሄደበት ወላጅ የሚቀረው ጡረታው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ላይ ያለው ችግር ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሥርዓቱ ለግል ድርጅቶች የተዘረጋው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ መዋጮ የጀመረ ሠራተኛ 15 ዓመት አገልግሎ ሲወጣ የሚደርሰው 36.25 በመቶ ብቻ ነው፤ አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ከሆነ በወር 4,350 ብር። ቀደም ሲል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለው ይደመርለታል፤ የሌለው ግን በዚሁ ይወጣል።

ከዚህ የባሰው ብዙ ሠራተኛ ልብ የማይለው ነገር ነው። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚዋጣው ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው፤ የቤት፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል አይገባበትም። የቅጥር ውሉ ላይ 6,000 ደመወዝ፣ 6,000 አበል ተብሎ ከተጻፈ ጡረታው የሚሰላው በ6,000 ነው። አሠሪው በየወሩ 660 ብር ይተርፈዋል፤ ያው የ15 ዓመት ሠራተኛ ግን ከ4,350 ወደ 2,175 ብር ይወርዳል። ወጣቱ ሠራተኛ ሲፈርም እጁ ላይ የሚደርሰውን ገንዘብ እንጂ ይህን አያይም፤ የሚነግረውም የለም።

ሌላው ጣጣ መዝገብ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት «ወልደ ጊዮርጊስ»፣ ሌላው «ወ/ጊዮርጊስ» ብሎ ይጽፋል፤ የጡረታ መለያ ቁጥር ሳይሞላ መዋጮ ይላካል፤ ከደመወዝ ተቆርጦ ሳይገባ የቀረም አለ። የልደት ዘመን መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሞሉት ቅጽ ስለሚያዝ በኋላ ማስተካከል አይቻልም ማለት ይቻላል። ድርጅቱ ከተዘጋ ደግሞ የደመወዝ መክፈያ ሊስቱን የት ያገኙታል?

አሠሪዎች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የ12 ወር መዋጮውን፣ የተዋጣበትን ደመወዝና የመለያ ቁጥሩን በአንድ ወረቀት ማኅተም አድርገው እንዲሰጡ ቢገደዱ ስህተቱ በዓመቱ ይታያል። እስከዚያው ሠራተኛው የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎቹንና የመልቀቂያ ወረቀቱን ከየመሥሪያ ቤቱ ተቀብሎ ኮፒውን ቤቱ ያስቀምጥ።

ከአክብሮት ጋር
በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ያለ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ