የክበባት ዘገባ፦ የታሪክ ክበብ ከሺያንግ ጂንግዩ ጋር የከረመበት ዓመት

ዘንድሮ ስለ ቻይና አብዮት እናጠናለን ስንባባል እኔ ማኦን ይዤ ነበር የመጣሁት። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ሴቶቹስ የት ሄዱ?" አለችኝ። ሐሙስ ሐሙሳችን ሁሉ በዚያው ወደ ቻይናዊቷ አብዮተኛ ሺያንግ ጂንግዩ ዞረ።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1895 ሁናን በተባለ የቻይና ክፍለ ሀገር ውስጥ ሹፑ በምትባል ወረዳ ነው። እንደ እኔው አስተማሪ ነበረች። ትጋቷን ግን አልደርስበትም። ገና በ20ዎቹ ዕድሜዋ በትውልድ ቦታዋ ትምህርት ቤት እየመራች፣ ቤት ለቤት ዞራ ወላጆችን ትለምናለች፤ ሴት ልጃችሁን ላኩልኝ፣ እግሯንም ፍቱላት። የልጃገረድ እግር ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው በጨርቅ ጥፍንግ ተደርጎ ይታሰር እንደነበር ስነግራቸው፣ ከፊት የተቀመጡት እግራቸውን ከወንበር ሥር ሰበሰቡ።

በ1919 መጨረሻ ከሻንጋይ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ተጓዘች። በኋላ ባሏ የሆነው ጻይ ሄሰን፣ እህቱ ጻይ ቻንግና እናታቸው ጌ ጂያንሃዎም አብረዋት ነበሩ። እናትየው ከ50 ዓመት በላይ ሆነው ነው ለትምህርት የሄዱት! ካርታ ሲያይ የነበረ ልጅ "በሱዌዝ ካለፉ እኮ በቀይ ባሕር ነው፤ በደጃችን!" ብሎ ጮኸ።

ሺያንግና ጻይ በ1920 ሞንታርጂ በምትባል ከተማ ተጋቡ። በሠርግ ፎቷቸው ላይ የማርክስን "ካፒታል" ይዘዋል። "ቬሎስ? ኬክስ?" እየተባለ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከተመለሰች በኋላ የኮሚኒስት ፓርቲውን የሴቶች ሥራ መራች። በ1924 የሻንጋይ የሐር ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ከጎናቸው ነበረች። ለእኔ ዋናው ይኼ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ሌላ ነገር ይዘው ሙጭጭ አሉ፤ ሁለት ልጆቿን ለዘመድ ትታ እንዴት ሄደች? ክርክሩ ሁለት ሐሙስ በላ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ "አባትየውን ለምን ማንም አልጠየቀም?" አለ። መልስ አልነበረኝም።

በ1927 ኮሚኒስቶች ሲታደኑ እሷ ዉሃን ቀርታ በኅቡዕ መሥራቷን ቀጠለች። በሚቀጥለው ዓመት የፈረንሳዮች ይዞታ በነበረው የሃንኮ ሰፈር ተያዘች፤ የላብ አደሮች ቀን በሚከበርበት ሜይ 1 ተገደለች። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን 1920 መሆኑ ነው። 32 ዓመቷ ነበር።

በወላጆች ቀን ታሪኳን በድራማ አቀረብን፤ ይህን የመገደሏን ትዕይንት ስናሳይ መብራት ጠፋ። ተዋናዮቹ በሞባይል መብራት ጨረሱት፤ እንዲያውም አማረበት።

በድራማው ላይ "ካፒታል" ያደረግነው የቤተ መጻሕፍቱን ትልቁን መዝገበ ቃላት ነው፤ ቀይ ወረቀት ለብጠን። ኃላፊዋ እስከ ዛሬ "ወረቀቱን ላጡልኝ" እያሉኝ ነው። ማስቲሹ አለቅ ብሏል።