ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ

የሆነውን አይታችኋል፣ ያላየም ሰምቷል፤ አልደግመውም። በድራፍቱ (የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት) 7 ዙር ሙሉ ስሙ ያልተጠራው ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ዛሬ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ሆኖ ከቡድኑ 53 ተጫዋቾች አንዱ ነው። ባለፈው እሑድ የመጀመሪያ ታችዳውኔን ካስቆጠርኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

ከጋሼ ልጀምር። «ስሜን እንዳትጠራ» ብለውኛል፣ እሺ ብያለሁ።

ጋሼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት፣ የሌሊት ፈረቃ። የአሜሪካ ፉትቦል አያውቁም ነበር። በልጅነታቸው ግን ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈር በረኛ ነበሩ። ኮሌጅ ስጨርስ «ለኳርተርባክ ቁመትህ አይበቃም» ተብዬ አንገቴን ደፍቼ መጣሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያጽናናኝ እሳቸው «ታዲያ አሁን ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ኳስ መያዝ አልኳቸው። «እሱንማ እኔ አሳይሃለሁ!»

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የፓርኪንጉ ሦስተኛ ፎቅ ባዶ ይሆናል። በእረፍት ሰዓታቸው እዚያ ይወረውሩልኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ወርዋሪ ነበርኩ፤ ለመያዝ ሲሆን እጄ እንጨት ነው። መዳፌን ይዘው ሁለቱን አውራ ጣቶቼን አገጣጠሙ። «ከደረት በላይ ሲመጣ እንዲህ። ከወገብ በታች ከመጣ ትንንሾቹ ጣቶች ይገናኙ።» ቡድን ከገባሁ በኋላ አሰልጣኜ ያንኑ ሲያሳየኝ እንባዬ መጣ።

ቆይተው ደግሞ ኳሱ ጫፍ ላይ በጠመኔ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ስይዘው «ምን ነበር?» ይሉኛል። ካልመለስኩ አይቆጠርም። ዓይኔን ከኳሱ እንዳልነቅል ነው። እኔ ደግሞ በስድስት ዓመቴ አሜሪካ የመጣሁ ልጅ ነኝ፤ «ሰ»ን ከ«ሸ» አልለይም ነበር። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ኳስ ነው። ትከሻቸውን ያማቸው እንደነበር የሰማሁት ዘንድሮ ነው፣ ያውም ከባለቤታቸው። አንድም ቀን አልነገሩኝም። ጋሼ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት?

ጁሊያን ኤደልማን የሚባለው ታዋቂ ሪሲቨርም እንደኔ ኮሌጅ (ኬንት ስቴት) እያለ ኳርተርባክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ኢንግላንድ ቡድን በድራፍቱ 7ኛ ዙር፣ በ232ኛ ተራ ወስዶ ሪሲቨር አደረገው። በ2019 ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) 10 ኳስ ይዞ 141 ያርድ ሄደ፣ የጨዋታው ኮከብም ተባለ። ታሪኩን ስነግራቸው ጋሼ ፎቶውን ገንዘብ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፉት። አንድ ሌሊት ተስፋ ቆርጬ «እሱን እኮ በ232ኛም ቢሆን ጠርተውታል» አልኳቸው። «አንተን ደግሞ እኔ ጠርቼሃለሁ፤ ተነስ» አሉኝ።

እማዬ፣ ስላንቺ መጻፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ቤት ስመጣ እነግርሻለሁ።

በልምምድ ቡድን በቆየሁበት ዓመት የጨዋታ ደብተሩን ሆቴል ክፍላቸው ድረስ አስገብተው ላስጠኑኝ ነባር ሪሲቨሮች፣ ለአሰልጣኞቼ፣ ጉልበቴን ላከሙልኝ ሁሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ለጸለያችሁልኝ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሐበሾች፣ ክብረት ይስጥልኝ። በልምምድ ላይ ኳርተርባክ የማይነካበት ማሊያ ይለብሳል። እኔ ያንን አውልቄ መመታት ስጀምር ደውላችሁ «አይዞህ» ያላችሁኝን አልረሳም። ስማችሁን ያልጻፍኩ ብዙ ናችሁ። አክስቶቼ በተለይ እንዳትቀየሙኝ፣ ከልቤ ይቅርታ።

ጋሼ፣ በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር መጥተን እንጫወታለን። ለእርስዎና ለባለቤትዎ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። የቅዳሜ ሌሊቱን ፈረቃ እባክዎ ከአሁኑ ያቀያይሩ።

ልጅዎ