ለክብርት ጁሊ ፌዶርቻክ፦ ከምርጫው በፊት መጥተው ያነጋግሩን

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የሰሜን ዳኮታ ተወካይ ለሆኑት ለክብርት ጁሊ ፌዶርቻክ

ክብርት ሆይ፣

ትውልዴ ኢትዮጵያ፣ ዜግነቴ አሜሪካዊ የሆነ የፋርጎ ነዋሪ ነኝ። ኖቬምበር 3 ቀን 2026 በሚካሄደው ምርጫ ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ገና አልወሰንኩም። ከመወሰኔ በፊት ግን መልስዎን ፊት ለፊት መስማት እፈልጋለሁ።

ካሊፎርኒያ 52 ተወካዮች አሏት፤ አንዱ ባይሰማ ሌላው ይሰማል። የእኛ መቀመጫ ከ1973 ወዲህ አንድ ለእናቷ ናት። በ2020ው ቆጠራ 779,094 ሰው የነበረባቸው 53 ካውንቲዎች፣ ከፋርጎ እስከ ዊሊስተን በመኪና መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ አገር፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ከእርስዎ በቀር አፍ የለውም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው በማስታወቂያ ብዛት ምርጫውን ማለፍ አይገባውም እላለሁ። ኧርል ፖምሮይም 18 ዓመት ከተቀመጡበት በ2010 በሪክ በርግ ተሸንፈው ወርደዋል።

ጁላይ 3 ቀን 2025፣ 218 ለ214 ያለፈውን «ዋን ቢግ ቢዩቲፉል ቢል» የተባለውን ሕግ ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። ሕጉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ የሜዲኬድን ወጪ ይቀንሳል፤ ብዙ ጎልማሶችም ሽፋኑን ለማግኘት በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም እንደ ትምህርትና የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ያለ ተግባር ማከናወናቸውን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ለገጠር ጤና በአምስት ዓመት የሚከፈል 50 ቢሊዮን ዶላር መመደቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ገንዘቡም ያልቃል፤ ቅነሳው ግን ይቀጥላል። ያን ጊዜ የትንንሾቹ ከተሞች ሆስፒታሎች በምን ይቆማሉ? ሄቲንገር ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት በጃንዋሪ በረዶ ቢስማርክ ድረስ መሄድ ሊኖርባት ነው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ መልሱንም ከጽሕፈት ቤትዎ በሚላክ ደብዳቤ ሳይሆን ከራስዎ አንደበት መስማት እሻለሁ።

የአኩሪ አተሩም ነገር አለ። አብዛኛው ምርታችን በባቡር ወደ ፓስፊክ ወደቦች ሄዶ ወደ እስያ የሚጫን ነው። በ2018 ታሪፉ፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ፣ ያመጣውን ጉዳት ገበሬው ሳይረሳው፣ በ2025 ቻይና ግዢዋን ለወራት አቆመች። በኦክቶበር መጨረሻ ስምምነት ተደርሷል፤ ሆኖም በስምምነት የተከፈተ ገበያ ነገ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ ቀረጥ የመጣልን ሥልጣን የሰጠው እርስዎ ላሉበት ለኮንግረስ ነው። ይህን ሥልጣን ለማስከበር ምን አድርገዋል? ወደፊትስ ምን ያደርጋሉ?

ሰሜን ዳኮታ የመራጭ ምዝገባ የማይጠየቅባት ብቸኛ ግዛት ናት፤ አድራሻው የተጻፈበት መታወቂያ የያዘ ዜጋ በዕለቱ መጥቶ ይመርጣል። በዚህ እኮራለሁ። ሕጉ ይህን ያህል ያመነንን መራጮች እርስዎም ጥያቄያችንን ቀድመው ሳያስጣሩ ያድምጡን።

እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በዊሊስተን፣ በሄቲንገር፣ በቤልኮርትና በፋርጎ ለሁሉም ክፍት የሆነ ስብሰባ ይጥሩ፤ ከተፎካካሪዎ ጋርም በአደባባይ ይከራከሩ። ቀኑን ቀደም ብለው ካሳወቁን፣ ለፋርጎው ስብሰባ የአማርኛ አስተርጓሚ በራሳችን እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርጎ መራጭ