ማትሪክ የወደቅኩበት ዓመት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት «ወደ ኋላ ብትመለሱ ምን ትቀይራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ነበር። ጥያቄው የጎረቤቴን ልጅ አስታወሰኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ወዲህ ከቤት አይወጣም። በ2014 ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ ብዬ ላጽናናው ሞከርኩ። «ጋሼ፣ እሱ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው።

እኔም ወድቄያለሁ። በ1976፣ ማትሪክ። የጉዶ በረት ገበሬ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ስማር እናቴ በሶና የገብስ ቆሎ ትሰንቅልኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ለኪራዩ ብሎ አንድ በሬ ሸጠ። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ከዚያ ወዲህ ከጎረቤት ጋር እየተቀናጀ ነው ያረሰው። ታዲያ በምን ዓይኔ ልየው? «ውጤት ገና አልመጣም» እያልኩ ከረምኩና አንድ ቀን ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ጠፋሁ።

ዘመኑ 1977፣ የረሃቡ ጊዜ ነበር። ወደ ወሎ እህል የጫነ መኪና በላይ በላዩ ይወርዳል። ጣርማ በርን በጉም ቀን ያለፈ ያውቀዋል። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስትገባ መብራት አብርተህም የፊተኛው መኪና አይታይህም። ከዋሻው ስትወጣ እስከ ደብረ ሲና ቁልቁለት ነው። መኪናው ቆም ሲል ታኮ ይዤ ዘልዬ የምወርደው እኔ ነኝ። አለቃዬ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር። ጎረምሳ ሾፌር ፍሬን ያምናል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ዛሬም ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

በኋላ መሪውን ያዝኩ። ሠላሳ ዓመት ነዳሁ። ሚስቴንም ያገኘኋት ደብረ ሲና ቆሎ ስትሸጥ ነው። በመስኮት ስታቀብለኝ ምርቃት ጨምራልኛለች። እሷ አልጨመርኩም ትላለች።

ስለዚህ በመውደቄ አልቆጭም። ብቻ ሰዎች «ሁሉም ለበጎ ነው» ሲሉኝ አፌን እይዛለሁ። በ77 መንገድ ዳር ያየኋቸው ሰዎች እኔን ሊያስተምሩ አልሞቱም። የራሴን ውድቀት ለበጎ ነው ብል ያምርብኛል፤ የእነሱን ግን አልችልም።

ወደ ጥያቄያችሁ ስመለስ፣ የምቀይረው አንድ ነገር አለ። ውሸቴን። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት ስገባ አባቴ ስለ ማትሪክ ትንፍሽ አላለም። ለካ ድሮ ሰምቷል። እራት እስኪቀርብ ዝም ብሎ ቆየና «መኪናው ስንት ኩንታል ይጭናል?» ብቻ አለኝ።

ይህን ለጎረቤቴ ልጅ ነግሬዋለሁ። ሳቅ ሳይል አልቀረም። ቅዳሜ በልጄ ፒክአፕ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ አብሮኝ ሊሄድ ተስማምቷል። እናቱ ጃኬቱን እንዳይረሳ አደራ ብላኛለች። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አይጣል ነው።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን