ምን እንስማ ላላችሁ

ሰላም ልጆች፣ በውስጥ መስመር «ምን አዲስ ነገር አለ?» እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ስለከረማችሁ፣ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ኔይልስ የሚባለው የሜታል ባንድ። የካሊፎርኒያዎቹ ልጆች ከ2016 (በፈረንጆቹ) ወዲህ አልበም ሳያወጡ ቆይተው በ2024 «ኤቭሪ ብሪጅ በርኒንግ»ን ይዘው መጡ። 10 ዘፈን ነው፣ ሁሉም ተደምሮ 20 ደቂቃ አይሞላም። ጀበናውን ጥጄ ከፈትኩት፣ ቡናው ሳይፈላ አለቀ። ደገምኩታ!

ብለድ ኢንካንቴሽን የሚባለው ባንድ ግን ሌላ ዓለም ነው። በዚያው ዓመት የወጣው «አብሶሉት ኤልስዌር» ሁለት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፣ እያንዳንዱ ከ20 ደቂቃ ያልፋል። በርሊን፣ ሀንሳ ስቱዲዮ ነው የተቀዳው። ዴዝ ሜታሉ (በጉርምርምታ ድምፅ የሚዘፈነው ከባዱ ሜታል) እየደበደባችሁ ሳለ ድንገት ሲንተሳይዘር ይገባና አየር ላይ ትንሳፈፋላችሁ፣ ከዚያ ከበሮው ተመልሶ መሬት ያወርዳችኋል። ትዕግስት ይፈልጋል፣ ለታክሲ ሰልፍ ግን አሪፍ ነው።

ግራይንድኮር (እጅግ ፈጣኑና ዘፈኖቹ አጫጭር የሆኑት ዓይነት) ለምትሉ፣ የሲንጋፖሮቹ ባንድ የወርምሮት «ሂስ» አልበም አለላችሁ። የ2022 ስለሆነ አዲስ ነው አልልም፣ ግን ያልሰማ ካለ ነውር ነው። ቤዝ ጊታር የላቸውም። መሀል ላይ ቫዮሊን ሲመጣ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፣ ጎረቤት አለ። ጥቁሩን ቲሸርቴን የወሰድከው ልጅ ደግሞ ራስህን ታውቃለህ፣ መልስ።