ና አስታርቀን

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ነህሳ? ልጆቹስ? እናታቸውስ? እኛ ደህና ነን፤ ደሴም እንደተውካት ናት፣ ብርዱም ያው ነው። ጠፋሁ አይደል? አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ። አንተም ጠፍተሃል፤ ስለዚህ አቻ ነን ብለን እንለፈው። ይቅርታ ስንባባል ወረቀቱ እንዳያልቅ። የሐይቁንም ጉዳይ አላነሳብህም፣ አብሽር።

የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው። ገንዘብ አይደለም፣ አትደንግጥ። ረጅሙና መምህሩ ተኮራርፈዋል። እሁድ ቡና ላይ አንዱ ካለ ሌላው የለም። እናቴ ሰሞኑን «በምን ተጣሉ? በመሬት ነው?» አለችኝ። በቢትኮይን ነው አልኳት። «ተካክደው ነው?» አይ፣ አንዲት ሳንቲም የላቸውም አልኳት። ትንሽ አየችኝና ስኒዎቿን ሰብስባ ገባች። እውነቷን ነው፤ ብሔራዊ ባንክም በክሪፕቶ መገበያየት ክልክል ነው ብሏል፣ እኛም የምንገበያይበት የለንም። ያለን አንተ የጫንክልን ኖድ ብቻ ነው፤ ያ ሰንሰለት የሚሉትን የቢትኮይን መዝገብ የሚያስቀምጠውና የሰውን ልውውጥ ለሌላው የሚያስተላልፈው ፕሮግራም። ጫንክልንና ወደ ሸገር እብስ አልክ። ጣጣው ለኛ ቀረ።

አንተ ሥራ ውጦህ ነገሩን ትተኸዋል አሉኝ። ስለዚህ ባጭሩ። ፀቡ ሰንሰለቱ ላይ ገንዘብ ያልሆነ ነገር ሲለጠፍ ኖድ ያሳልፈው ወይስ ይመልሰው ነው። በፈረንጆቹ 2023 መጀመሪያ ላይ ኬሲ ሮዳርሞር የሚባል ፕሮግራመር ኦርዲናልስ የተባለውን ዘዴ አመጣ። ከዚያ ሰው ስዕሉንም ቀልዱንም ቶክን የሚሉትን የፈጠራ ሳንቲሙንም ሰንሰለቱ ላይ መለጠፍ ጀመረ። በ2017 የመጣው ሴግዊት የሚባል ማሻሻያ የግብይቱ ፊርማ ለሚቀመጥበት ክፍል የክፍያ ቅናሽ ሰጥቶ ነበር፤ በ2021 የመጣው ታፕሩት ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚገባውን የስክሪፕት (የትእዛዝ ጽሑፍ) መጠን ገደብ አነሳ። ሁለቱም ለሌላ ነገር የታሰቡ ናቸው፣ ግን ቀዳዳ ያየ ሰው መቼ ዝም ይላል? በ2024 ሚያዝያ፣ ግብይቱን በብሎክ እያሰሩ ሰንሰለቱ ላይ የሚጨምሩት የማይነሮቹ ሽልማት በግማሽ በተቀነሰበት ቀን፣ ሩንስ የሚባል ሌላ የቶክን መሥሪያ ተጨመረበት። የዚያን ዕለት አማካይ የመላኪያ ክፍያ ከ100 ዶላር በላይ ወጣ። የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም።

ፀቡን ያባባሰው ግን ብዙው ኖድ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ የኮር፣ በ2025 ጥቅምት የወጣው 30ኛ እትም ነው። ኦፒ-ሪተርን ትዝ ይልሃል? ያቺ ግብይት ላይ ያለችው የማስታወሻ ቦታ። ኮር ሲጫን እንዳለ ከተተወ ከ80 ባይት በላይ የያዘ ማስታወሻ አያስተላልፍም ነበር። በእኛ ፊደል አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 26 ፊደል ብቻ ማለት ነው። ስምህን ከነአያትህ ጽፈህ «ሰላም ነው?» ስትል ያልቅብሃል። አሁን ወደ 100,000 ባይት አደረሱት። መምህሩ ይህን በሰማ ማግስት ኮርን አውልቆ ኖትስን ጫነ፤ ሉክ ዳሽጁኒየር የሚባል ፕሮግራመር የሚያዘጋጀውን፣ እንዲህ ያለውን ጠበቅ አድርጎ የሚያጣራውን ሌላ የኖድ ፕሮግራም። ብቻውንም አይደለም፤ በ2025 መጨረሻ ከአምስት ኖድ አንዱ ያህል ኖትስ ሆኖ ነበር።

የመምህሩ ነገር ይገባኛል። ማሽኑ የኔ፣ መብራቱ የኔ፣ ኢንተርኔቱም የኔ፤ ታዲያ የማላውቀው ሰው የለጠፈውን ቆሻሻ ለምን ላሳልፍ? ነው የሚለው። አንዱ ባለጌ የተከለከለ ምስል ቢያስገባና የተማሪ ወላጅ ቢሰማ ብሎም ይፈራል። የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ራሱ በ2010 ሁሉን ነገር አንድ ሰንሰለት ላይ መቆለል አያዛልቅም ብሏል እያለ ይጠቅሳል። ረጅሙ ደግሞ ያው ረጅሙ ነው። ፒያሳ ስልክ እየጠገነ፣ ካቻቪቴውን እንደያዘ ይከራከራል። «ከፍሎ ለላከ ሰው አንተ ማን ነህና ነው ዳኛ የምትሆንበት? ዛሬ ስዕል ነው ብለህ ትመልሳለህ፣ ነገ የእገሌን ብር መልስ ሲሉህ ምን ልትል ነው?» ሳቶሺማ በ2009 የመጀመሪያው ብሎክ ላይ የጋዜጣ ርዕስ ጽፎ የለም እንዴ ይላል። ሳቶሺ ምስኪን፣ ሁለቱም በየፊናቸው ይጎትቱታል።

እኔ እንደሚመስለኝ ፊልተር፣ ኖድ ያልፈለገውን የሚመልስበት ማጣሪያ፣ ማለት የኛ አገር ሰርግ ነው። በር ላይ የቆሙት ጎረምሶች ያልተጠራውን ይመልሳሉ። ወጥ ቤቷን የሚያውቅ ግን በጓሮ ገብቶ ከሙሽራው በፊት ይበላል። ወጥ ቤቷ ማይነሩ ነው። በ2023 የካቲት መግቢያ ላይ ያንን ወደ 4 ሜጋባይት የሚጠጋ የጠንቋይ ስዕል ያስገቡት እንደዚያ ነው። በመደበኛው መንገድ የትኛውም ኖድ እንዲያ ያለ ግዙፍ ነገር አያስተላልፍም፤ ቀጥታ ለማይነር ሰጡት፣ ብሎክ 774628 ላይ ቁጭ አለ። ማራ የተባለው ትልቅ ማይነርማ በ2024 ለዚሁ ሥራ ስሊፕስትሪም የሚባል መግቢያ ከፈተ።

ደግሞ በር ላይ የተመለሰው ሁሉ ወደ ቤቱ አይሄድም። መረጃውን አድራሻ አስመስሎ ይልከዋል። ያ አድራሻ ቁልፍ የለውም፣ ከውስጡ ማንም አያወጣም። ኖድህ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ካልወጡት ሂሳቦች መዝገብ ውስጥ ለዘላለም ተሸክሞት ይኖራል። ኦፒ-ሪተርን ላይ የተጻፈ ከሆነ እንደማይወጣ ከመጀመሪያው ስለሚታወቅ እዚያ መዝገብ አይገባም። መዝገቡ ከ2023 ወዲህ እጥፍ ያህል አድጓል፤ ዕድሜ ለቶክን ነጋዴዎች። የኮር ሰዎች «መጻፋቸው ካልቀረ ብዙ በማይጎዳው ቦታ ይጻፉ» ያሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ከማን ጋር ነህ ትለኛለህ። እንዴት ብዬ ልንገርህ... ልቤ ከመምህሩ ጋር ነው፣ ሂሳቡ ግን ከረጅሙ ጋር ይሄዳል። ፊልተሩ ስፓም የሚሉትን ይህን ቆሻሻ አያቆመውም፤ ቢበዛ ያዘገየዋል፣ ትንሽ ያስወድድበታል። ግን አንድ ሰው በገዛ ቤቱ የሚያሳልፈውን ቢመርጥ ምን ነውር አለው? ይህንን ለሁለቱም ተናገርኩ። አሁን አንዱ «ወላዋይ» ይለኛል፣ ሌላው «ሽማግሌ»። የትኛው እንዳናደደኝ አልነግርህም።

አሁን ፀቡን ልንገርህ፣ ሌላው መቅድም ነው። እኛ ቤት ነን፣ አቦል ተጠጥቷል፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። መምህሩ ላፕቶፑን ይዞ መጥቷል። «የኔ ማሽን ንጹሕ ነው» አለ። ረጅሙ ምንም ሳይናገር ላፕቶፑን ወደራሱ ሳበና 774628ን ጠየቀው። ማሽኑ ትንሽ አጓራ። ከዚያ ያ ብሎክ፣ ከነሙሉ ክብደቱ፣ ስክሪኑ ላይ ዝርግፍ አለ። «ይኸው ጠንቋይህ፣ ቤትህ ነው የሚያድረው» አለው። እውነቱን ነው፤ ኖትስም ሆነ ኮር ያንኑ ሰንሰለት ነው የሚያስቀምጡት፣ ልዩነታቸው ብሎክ ውስጥ ሳይገባ በፊት የሚያስተላልፉት ላይ ብቻ ነው። ግን ሰው ፊት ነበር። የመምህሩ ተማሪ የነበረ ልጅም ቁጭ ብሎ ነበር፣ ሳቀ። መምህሩ ላፕቶፑን ከደነና በረካ ሳይጠጣ ወጣ። እናቴ ቤት በረካ ሳይጠጡ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን አልጽፍልህም ነበር፤ በአረፋ ወይ በጥምቀት ይታረቃሉ ብዬ ዝም እል ነበር። ያሳሰበኝ ወዲህ ነው። በ2025 መጨረሻ ላይ፣ እንዲህ ያለውን መረጃ ለጊዜው በራሱ በሰንሰለቱ ሕግ ደረጃ የሚገድብ ሶፍት ፎርክ፣ ሕጉን የሚያጠብቅ ማሻሻያ፣ ይደረግ የሚል ሐሳብ መጣ። ይህ የበር ጉዳይ አይደለም። ብሎኩን ራሱን አልቀበልም ማለት ነው። መምህሩ «እኔ ከነዚያ ጋር ነኝ» ብሎ ለዚያው ለሳቀው ልጅ ነግሮታል። እልህ ነው፣ ያቺን ሳቅ አልረሳትም። ብዙው ማይነር ሳይከተል እነሱ ብቻ ከገፉበት ሰንሰለቱ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ የኛም ሁለቱ ሰዎች ያኔ በእውነት ለየብቻ ሰንሰለት ላይ ይቀመጣሉ። እስካሁን ቢያንስ ሲጣሉም አንድ መዝገብ እያነበቡ ነው።

ስለዚህ ና። አበጋር ያስፈልገናል፣ አንተን ደግሞ ሁለቱም ይፈሩሃል፤ ረጅሙ ስላስተማርከው፣ መምህሩ ገንዘብህ ስላለበት። ረጅሙ ሰው ፊት ስላዋረደው ካሳ ይቁም፣ መምህሩ ደግሞ ኖትሱን እንደጫነ ይኑር፤ ማንም አያስወርደውም። ስለ ሶፍት ፎርኩ ብቻ አንተ አነጋግረው፣ እኔን አይሰማኝም። መምጣት ካቃተህ ማታ ማታ ደውል፣ ድምፅህን ለሁለቱም አንድ ላይ አሰማቸዋለሁ። መብራት ካለ ነው እንግዲህ።

ከመጣህ ደግሞ የ2 ቴራ ኤስኤስዲ ይዘህልኝ ና። ሰንሰለቱ ከ700 ጊጋባይት አልፏል፣ የኔ 1 ቴራ ላይ የልጆቹም ፎቶ አለበት፣ እየጠበበኝ ነው። እዚህ የሚጠሩት ዋጋ አይነገርም። ዋጋውን ቀድመህ ንገረኝ፣ በብር እልክልሃለሁ።

ያው ወንድምህ፣ ከደሴ