ራኬት እንደ እስክሪብቶ ለምንይዘውስ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከደሴ ነው። ጋዜጣችሁ እዚህ ፒያሳ አንዳንዴ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ግድ የለም፣ እኔ ከኋላ ከስፖርቱ ገጽ ጀምሬ ስለምገልጠው ፖለቲካው ጋ ስደርስ እሱም አርጅቷል። በቅርቡ ለጀማሪ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ራኬት እንዴት እንደሚመረጥ ያወጣችሁትን አየሁት። ደስ ብሎኛል፤ ለአንድ ቀን እንኳ ከእንግሊዝ ዝውውር ወሬ ተርፈናል። ግን ጸሐፊው «ራኬቱን ሰው እንደምትጨብጡ አድርጋችሁ ያዙት» ብሎ ጀመረና በዚያው ጨረሰው። እንደ እስክሪብቶ የምንይዘውስ? ኸረ እኛም አለን!

ብዙ አይደለንም። ሰፈሬ ጨዋታ ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ ከሦስቱ አንዱ እኔው ያስለመድኩት የእህቴ ልጅ ነው። እኔን ያስለመደኝ ደግሞ ቻይና ነው። ኮምቦልቻ ቻይናዎች ግንባታ ላይ በነበሩ ጊዜ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር። ካምፑ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ነበረች፤ ከራት በኋላ ይሰለፉባታል። አንድ ሸምገል ያለ ብየዳ ሠራተኛ ነበር፣ ጋሽ ቻይና እንለው ነበር። ራኬቱን ሲይዝ ሲኒ ያነሳ ነው የሚመስለው። አውራ ጣቱና አመልካች ጣቱ ከፊት ቆንጠጥ፣ ሦስቱ ጣቶች ከጀርባ እጥፍ። እኔ ልጅ ሆኜ ለውህ በሚባለው የቁርኣን መማሪያ ሰሌዳ ላይ በሸምበቆ ብዕር ስጽፍ እጄ ልክ እንደዚያ ነበር፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ገና እንደሰጠኝ የተስማማኝ። አማርኛው አራት አምስት ቃል ናት፤ የኔ ቻይንኛ ከዚያም ያንሳል። «ዥፓይ» አለኝ፣ ቀጥ ያለ ራኬት ማለት ነው። ሰው እንደሚጨበጥ የሚያዘው ደግሞ «ኸንግፓይ»፣ አግድም። ትምህርቱ ይኸው ነበር። የቀረውን 11 ለ2 እያሸነፈ አስተማረኝ። (ሰፈራችን ግን አንዱን ጨዋታ እስከ ዛሬ እስከ 21 ነጥብ ነው የሚቆጥረው። በፈረንጆቹ 2001 ወደ 11 ወርዷል ብላቸው ማን ይሰማኛል።)

«ይሄ አያያዝ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉኝ አሉ። እስቲ እንቁጠር። በፈረንጆቹ 1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ላይ በነጠላ ወርቅ የወሰደው ቻይናዊው ሊዩ ጉዎሊያንግ እንደ እስክሪብቶ ነው የሚይዘው። በ2004 አቴንስ ላይ የኮሪያው ሪዩ ሱንግ ሚን የቻይናውን ዋንግ ሃዎን 4 ለ2 ሲያሸንፍ ሁለቱም እንደ እስክሪብቶ ነበር የያዙት። በ2008 ቤጂንግ ማ ሊን ያንኑ ዋንግ ሃዎን አሸነፈው፤ እሱም እንደኛው። (ዋንግ ሃዎ ሚስኪን፣ በ2012ም ብር ነው የደረሰው፤ ሦስት ኦሎምፒክ ሦስት ብር።) እሺ፣ ይሄ የድሮ ነው በሉ። በ2024 ፓሪስ ላይ በነጠላ ነሐስ የወሰደው ፈረንሳዊው ፌሊክስ ለብረን 17 ዓመቱ ነበር። ልጁ እንደ እስክሪብቶ ነው የሚይዘው። አሁን ማነው ጊዜው ያለፈበት?

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጋሽ ቻይና ሥራው ሲያልቅ ራኬቱን ይዞ ሄደ፤ ምን ያድርግ፣ የሱ ነው። እኔም ገንዘብ አጠራቅሜ ለሰርግ አዲስ አበባ በሄድኩበት አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ጎራ አልኩ። እንደ እስክሪብቶ የሚያዘውን ራኬት በእንግሊዝኛ ስሙ ጠርቼ «ፔንሆልድ አላችሁ?» ስል ባለሱቁ «ሞልቷል!» አለኝ። ፊቱ ላይ ግን ጥያቄ ነበረበት፤ ከዚያ ጓዳ ገብቶ ቆየ፤ ቆይቶ አንድ ራኬት ይዞ መጣ። ካርቦን ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቻይናዎቹ የሚጫወቱበት ነው አለኝ። እጀታው አጭር ነው፤ አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ ከፈልኩ። ደሴ ገብቼ መብራት ላይ አዟዙሬ ሳየው እጀታው ጫፍ ላይ የመጋዝ ጥርስ ተራ በተራ ተሰልፏል። ለካ ሰው እንደሚጨበጥ የሚያዘውን ራኬት ጓዳ ወስዶ ቆርጦልኛል! ወየው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ባለሱቁ ይህን ካነበበ ራሱን ያውቃል።

ሰው «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ማጠሩን አጥሯል» ሊል ይችላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ሁለት ሳምንት ተጫወትኩበት። ችግሩ የእጀታው ርዝመት ብቻ አይደለም። ሰው እንደሚጨበጥ የሚያዘው ራኬት (ጭብጡ ልበለው) እጀታው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የእስክሪብቶው 8 አካባቢ። ሁለት ሴንቲ ስትቆርጡ ከጭራው ክብደት ታነሳላችሁ፤ ያኔ ራኬቱ ሁሉ ወደ ጭንቅላቱ ይደፋል። ጭብጡን የሚይዝ ሰው መዳፉን ሙሉ ስለሚጠቀም ላይሰማው ይችላል፤ እኛ ግን የምንሸከመው በሁለት ጣትና በእጅ አንጓ ነው። በዚያ ላይ የጭብጡ እጀታ ወፍራም ነው፤ እጀታውና እንጨቱ የሚገናኙበት ትከሻም ለኛ ጣት ተብሎ አልተስተካከለም። በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቴና አመልካች ጣቴ መሃል ያለው ቆዳ ተላጠ። በሳምንቱ ሲኒ ሳነሳ አንጓዬ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እናቴ «ምን ነካህ፣ ብርድ ነው?» አለችኝ።

በመጨረሻ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። አዎ፣ ወርቅ ቤት። ግራም የሚለካ ሚዛን ያለው እሱ ነዋ። ሰውዬው ሚዛኑን ጠራርጎ የእናቶችን ቀለበት ከሚያስቀምጥበት ሳህን ላይ ራኬቴን አጋደመውና «ስንት ካራት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እንጨቱ ላይ የሚለጠፈውን ጎማ ልጬ ነበር የወሰድኩት። እንጨቱ ብቻውን 97 ግራም! እያንዳንዱ ጎማ ተቆርጦ 45 ግራም ገደማ ይጨምራል። ሁለት ጎማ ስትለጥፉበት ከ185 ግራም በላይ በሁለት ጣት ማንጠልጠል ማለት ነው።

ስለዚህ ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪ ነገሩን ገልብጬ ነው የምነግረው። ባለሱቅ መጀመሪያ ፍጥነት ይነግራችኋል፤ እናንተ መጀመሪያ ጣታችሁን፣ ቀጥሎ ሚዛኑን ጠይቁ፣ ፍጥነቱ ይደርሳል። ከፊትና ከጀርባ ሁለት ጎማ የምትለጥፉ ከሆነ ከ80 እስከ 88 ግራም ያለውን እንጨት ፈልጉ። አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ እስከ 95 ብትሄዱም አይጎዳችሁም። እና እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትግዙ፣ ያዙት። አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ያለ ኳስ ወዲህ ወዲያ አወዛውዙት። አንጓችሁ ከደከመ ሱቁ ውስጥ ነው የሚደክመው፣ ቤት ገብቶ አይሻለውም።

ቅርጹ ሁለት ዓይነት ነው። የቻይናው ክብ ነው፣ የጭብጡን ራኬት ይመስላል፣ እጀታው ብቻ አጭር። የጃፓንና የኮሪያው ደግሞ አራት ማዕዘን ቢጤ ነው፤ እጀታው ላይ ጣት የሚደገፍበት ቡሽ አለው። የጃፓኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወጥ እንጨት ነው የሚሠራው፣ ሂኖኪ ከሚባል ዛፍ፣ ውፍረቱም 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር። ሂኖኪ ከኛ ጥድ ጋር ዘመድ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። ኳሷ ስትነካው «ጧ» ሳይሆን «ዱም» ይላል፤ አንዴ ከለመዱት ሌላው ሁሉ ቆርቆሮ ይመስላል። ግን አንድ ወጥ ስለሆነ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንዴ ሲያርፍ በቁመቱ ይሰነጠቃል። አብዛኛው ሰውም አንድ ጎማ ብቻ ለጥፎበት በቀኙ ነው የሚመታበት፤ ኳስ በግራ ስትመጣ ሮጦ ዞሮ በቀኝ መምታት አለበት። ሪዩ ሱንግ ሚን እግሩ እንደ ፌንጣ ነበር። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም ያውቀዋል። የእናንተ እግር እንደሱ ካልሆነ በቀር ሂኖኪን አይተው ማለፍ ነው።

ለአብዛኞቻችን የሚሆነው የቻይናው ክቡ ነው። ምክንያቱም ጀርባውን መጠቀም ይቻላል። ድሮ እንደ እስክሪብቶ የሚይዝ ሰው በግራ የመጣበትን ኳስ በዚያው በፊቱ ጎን ገፋ አድርጎ ነበር የሚመልሰው። ሊዩ ጉዎሊያንግ የራኬቱን ጀርባ ጎማ ለጥፎ በጀርባው መምታት አሳየ፣ ዋንግ ሃዎ ዋና መሣሪያው አደረገው። ዛሬ ያለሱ ከበድ ያለ ተጋጣሚ ፊት መቆም ይቸግራል። ሁለት ጎማ ማለት ግን ክብደት ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ከላይ በግራም የጨቀጨቅኳችሁ።

የእንጨቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ኮምፔንሳቶ ድርብርብ ነው። ባለ 5 አለ፣ ባለ 7 አለ። ባለ 5ቱ ለስለስ ይላል፣ ኳሷን ለቅጽበት ይዞ ይለቃል፣ ስፒን፣ ማለትም ኳሷን ማሽከርከር፣ ለመማር እሱ ነው። ባለ 7ቱ ጠንከር ይላል፣ ለመምታት ይመቻል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ሕጉ ከውፍረቱ ቢያንስ 85 በመቶ እውነተኛ እንጨት ይሁን ይላል፤ ካርቦኑ በመሃል የሚገባ ስስ ነገር ነው። ስስ ቢሆንም ኳሷን ያስፈነጥራል፣ ለጀማሪ አይሆንም። (ለነገሩ አዩስ፣ ሊምባ፣ ኮቶ የሚባሉት ብዙ ራኬት የሚሠራባቸው እንጨቶች የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዛፎች ናቸው። ከአህጉራችን በግንድ ሄደው በዶላር ይመለሱልናል። እንደ ቡናችን። ይሄን ለሌላ ደብዳቤ።)

የደሴ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ማሰብ አለበት። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ኳሷ ደግሞ 2.7 ግራም ብቻ ናት፣ አየር ነው የሚይዛት። እዚህ ብዙም አይይዛትም፣ ስፒን ብታሳርፉባትም እንደ ቆላው ጎንበስ አትልም። ኮምቦልቻ ወርጄ ስጫወት ጠረጴዛው ላይ የሚያርፍልኝ ምት ደሴ ላይ ጠርዙን አልፎ ይሄዳል፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ኳሷ ግን ሌላ ኳስ ናት። ታዲያ ቶሳ ተራራ ሥር ሆኖ ፈጣን ካርቦን መግዛት በቁልቁለት ላይ ነዳጅ መርገጥ ነው።

ከገዛችሁ በኋላም ሥራ አለ። አዲስ እንጨት ትከሻው ስለታም ነው። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ግዙ። አመልካች ጣት የሚያቅፍበትን ጥግና አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቀስ አድርጋችሁ ፈግፍጉ። ሃያ ጊዜ ፈግፍጉ፣ ያዙ፣ ጥቂት ሰርቭ ምቱ፣ እንደገና ፈግፍጉ። የኔ አመልካች ጣት ጋ የእንጨቱ ንጣፎች እንደ ሽንኩርት አንድ በአንድ እስኪታዩ ድረስ ነው የወረድኩት፤ አውራ ጣቴ ጋ ግን ትንሽ በቃኝ። የእህቴ ልጅ በአንድ ቀን ልጨርስ ብሎ አበዛውና ራኬቱ ጣቱ ላይ ይዞርበታል፤ የተፈገፈገ እንጨት አይመለስም። ጎማውንም ስትለጥፉ ከእጀታው አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርጉት። ጣት የሚይዘው ቦታ ባዶ ቢሆን ሕጉ ይፈቅዳል፣ ክብደትም ይቀንሳል። በአንድ ጎማ ብቻ የምትጫወቱ ደግሞ ባዶው ጎን ከጎማው በተለየ ቀለም መቀባት አለበት፣ በሱ መምታትም ነጥብ ያስቀጣል። ማስቲሽ ደግሞ ለጫማ ሰፊ ተዉለት። ሽታ ያለው ማጣበቂያ ከ2008 ጀምሮ በውድድር ታግዷል፤ በውሃ የተሠራው ይሻላል፣ ሲላጥም እንጨቱን ይዞ አይነሳም።

አዘጋጅ ሆይ፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነው። ለጸሐፊያችሁ ስለ እስክሪብቶ አያያዝ ግማሽ ገጽ ስጡት፣ ባለሱቆችም መጋዛቸውን ያስቀምጡ። የሌላቸውን «የለም» ቢሉን አንቀየምም፤ ከቻይና የሚመጣ ሰው ፈልገን እናስልካለን። እኔ አሁን የምጫወትበትን ባለ 5 እንጨት ያገኘሁት እንደዚያ ነው፣ 84 ግራም፣ ወርቅ ቤቱ መስክሯል።

የተቆረጠው ካርቦን የት ደረሰ ካላችሁ፣ እናቴ ጋ ነው። የጀበናውን ከሰል ታራግብበታለች። ለዚያ ግን እውነት ለመናገር፣ ባለሱቁ አልዋሸም፣ ፈጣን ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ